ዋሽንግተን ዲሲ፦ መግቢያው ነጻ ነው፣ ቀጠሮው ግን አይቀርም

በዋሽንግተን ዲሲ ከኪስ ቀድሞ የሚያልቀው እግር ነው። ትልልቆቹ ሙዚየሞች በነጻ ያስገባሉ። መታሰቢያዎቹ አጥር የላቸውም፤ እኩለ ሌሊት ላይም ቢሆን የሊንከንን ደረጃ ወጥቶ መቀመጥ ይቻላል። ችግሩ ሌላ ነው። ነጻ ስለሆነ ዝም ተብሎ የሚኬድ ይመስላል፤ አያትና ሕፃን ይዞ የመጣ ቤተሰብ በር ላይ «ትኬታችሁስ?» የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከሚታየው በፊት ስለ ቀጠሮው እናውራ።

ቀድሞ የተያዘ ትኬት የሚጠይቁት ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ሰው በብዛት የሚፈልገው ግን እነሱኑ ነው። የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም፣ የአየርና የጠፈር ሙዚየም፣ የእንስሳት ፓርኩ፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የዋሽንግተን ሐውልት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የመጀመሪያዎቹን አራት በየራሳቸው ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ትይዛላችሁ። የአፍሪካ አሜሪካውያኑ ሙዚየም ትኬት ከጉብኝቱ 30 ቀን ቀድሞ ይለቀቃል፤ ለዕለቱ የሚሆን ጥቂት ደግሞ በዚያው ቀን ማለዳ በኢንተርኔት ይወጣል። ቅዳሜና እሑድ ግን የዕለቱን ትኬት ተማምኖ መምጣት ቁማር ነው።

የዋሽንግተን ሐውልት ትኬት ሪክሪኤሽን ዶት ገቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ይያዛል፤ ለእያንዳንዱ ሰው የ1 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ አለው። ከ30 ቀን በፊት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ያ ካመለጠ ከጉብኝቱ አንድ ቀን በፊት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሌላ ዙር ይለቀቃል። ሁለቱም ካመለጡ በ15ኛው ጎዳና ላይ፣ ከሐውልቱ ሥር ባለችው ትንሽ የድንጋይ ቤት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ45 ጀምሮ የዕለቱን ትኬት በነጻ ይሰጣሉ። በዕረፍት ወራት ግን ሰው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይሰለፋል።

ሰዓት ካነሳን አይቀር፦ እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ሰዓት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ዓመቶቹ ደግሞ በፈረንጅ። ትኬቱ ላይ 10:00 ካለ ጠዋት 4 ሰዓት ማለት ነው። ቀኑ 05/06 ተብሎ ከተጻፈም ሜይ 6 ነው እንጂ ጁን 5 አይደለም፤ አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። ከአዲስ አበባ ሆኖ ለወላጆቹ ትኬት የሚይዝ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው፤ በር ላይ ያለው ጠባቂ ደግሞ ይህን ሊረዳ አይችልም።

አብዛኞቹ ሙዚየሞች የስሚዝሶንያን ተቋም ናቸው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ከዲሴምበር 25 በስተቀር ዓመቱን ሙሉ ይከፈታሉ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ ቀርቶ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ሲያቆም እነሱም ይዘጋሉ። እንዲህ ያለ ወሬ በዜና ከተሰማ ከመነሳት በፊት ማጣራት ነው። ውጭ ያሉት መታሰቢያዎች ግን በዚያ ጊዜም ይታያሉ።

ከአየር ማረፊያ ወደ ከተማ

የአዲስ አበባው አውሮፕላን የሚያርፈው ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው ደላስ ነው፤ ከመሀል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የከተማዋ ባቡር፣ የሜትሮው፣ የብር ቀለም መስመር እዚያ ድረስ ይመጣል። ከሻንጣ መቀበያው በመሬት ውስጥ መተላለፊያ ወደ ጣቢያው ይኬዳል፤ ከዚያ መሀል ከተማ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዋጋው በሥራ ቀን ከ7 ዶላር አይበልጥም፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ወደ 2 ዶላር ተኩል ይወርዳል። ታክሲ የሥራ ቀኑን ዋጋ አሥር እጥፍ ያህል ይጠይቃል። በርበሬና ሽሮ የሞላ ሁለት ሻንጣ ይዞ ለመጣ ሰው ግን ባቡሩን አንመክርም፤ ዘመድ በመኪና ይምጣ።

በሜትሮው ሲገቡም ሲወጡም ካርድ ማስነካት ግድ ነው፤ ሒሳቡ የሚሰላው በርቀት ነውና። ስማርትሪፕ የሚባለው ካርድ ራሱ 2 ዶላር ነው፤ በስልክም ይሠራል። ከ2025 ወዲህ ደግሞ የባንክ ካርድን በቀጥታ ማስነካት ይቻላል። ሁለት ነገር ያጣላል። አንደኛው፣ አንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሆንም፤ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት በቀር እያንዳንዱ የራሱን ይይዛል። ሁለተኛው፣ በስልክ ገብቶ በካርድ መውጣት አይቻልም፤ ማሽኑ ሁለት ሰው ይመስለዋል። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ በቀኝ በኩል ቁሙ፤ ግራው ለሚቸኩል ነው። ይህን የማያከብር እንግዳ የሚደርስበትን ግልምጫ የዲሲ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

መኪና ይዞ ወደ መሀል መግባት ግን ራስን ማስጨነቅ ነው። ምልክቶቹ እንደ ግንብ ተደራርበው ይቆማሉ፤ የላይኛው ሁለት ሰዓት ማቆም ይፈቀዳል ሲል የታችኛው ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መኪናው ተጎትቶ እንደሚወሰድ ይናገራል። እስከ መጨረሻው ካላነበባችሁ አታቁሙ።

ሐውልቱ ሁልጊዜ ቅርብ ይመስላል

ናሽናል ሞል የሚሉት ረጅም ሣር ሜዳ ከኮንግረሱ ሕንፃ ከካፒቶል እስከ ሊንከን መታሰቢያ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ1910 ጀምሮ የሕንፃ ከፍታን የሚገድብ ሕግ ስላለ ከተማዋ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የላትም፤ ዓይን የሚከለክለው ነገር ስለሌለ 169 ሜትሩ የዋሽንግተን ሐውልት ከየትም ሲያዩት «ይኸው እዚህ ጋ» ያሰኛል። በዚህ ተታሎ በአንድ ቀን ዳር እስከ ዳር የሚሄድ ሰው ማታ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክራል። በድሮ የጉዞ መረጃዎች ላይ በ1 ዶላር የሚያደርሰው ቀይ አውቶቡስ ሰርኩሌተር ይነሳል፤ እሱ በ2024 መጨረሻ ሥራ አቁሟል።

የሚበጀው ለሁለት መክፈል ነው፦ ምሥራቁን፣ ማለትም ካፒቶልንና ሙዚየሞቹን፣ በቀን፤ ምዕራቡን፣ ማለትም መታሰቢያዎቹን፣ በሌላ ቀን አመሻሽ ላይ።

ካፒቶል ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይጎበኛል፣ በነጻ፤ ቀድሞ በድረ ገጽ ሰዓት የያዘ ግን ወረፋ ይቀንስለታል። ፍተሻው ጠንካራ ነው። ምግብና መጠጥ አይገባም፣ የታሸገ ውሃም ቢሆን፤ ባዶ ኮዳ ግን ይፈቀዳል፣ ውስጥ ገብቶ መሙላት ይቻላል። ለመንገድ ብላችሁ ቆሎ በቦርሳ ከያዛችሁ በር ላይ ትጨርሱታላችሁ ወይም ቆሻሻ መጣያ ትጥሉታላችሁ። ጉብኝቱ ጉልላቱ ሥር ያለውን ክብ አዳራሽ ያሳያል እንጂ የምክር ቤቶቹን አዳራሽ አያካትትም፤ ለዚያ የተለየ ፈቃድ አለ። አሜሪካ የሚኖር ሰው ከአካባቢው ተወካይ ቢሮ ያወጣዋል፤ ከውጭ የመጣ ደግሞ ፓስፖርቱን ይዞ በዚያው በጎብኚዎች ማዕከል ይጠይቃል። ከካፒቶል በመሬት ውስጥ መተላለፊያ ወደ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መሻገር ይቻላል። በ1897 የተከፈተው የጄፈርሰን ሕንፃ ከከተማዋ የቤት ውስጥ ውበት ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስም እዚያ አለ። እሑድና ሰኞ ዝግ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ምረጡ።

የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጉብኝት አጭር ነው። እዚያ የሚታየው የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ቀለሙ ስለደበዘዘ ጽሑፉ አይነበብም ማለት ይቻላል፤ ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው። ይህን አውቆ የገባ አይከፋም። ዋይት ሐውስን ደግሞ በሰሜን በኩል ከላፋዬት አደባባይ ማየት ይበቃል፤ ውስጡን ለማየት ከሳምንታት በፊት በኮንግረስ አባል በኩል መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዜጋ ላልሆነ እንግዳ መንገዱ ከዚህም ይጠባል።

የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያለ ትኬት ይገባል። በሣር ሜዳው በኩል ያለው በር ረጅም ሰልፍ ካለው ዞራችሁ በኮንስቲትዩሽን ጎዳና በኩል ግቡ፤ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። 45.52 ካራት የሚመዝነው ሰማያዊው የሆፕ አልማዝ ዙሪያ ሁልጊዜ ሰው ይጋፋል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግን የሰው ዘር አመጣጥ ወደሚታይበት አዳራሽ ውሰዷቸው። በ1974 አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው የድንቅነሽ ወገኖች ታሪክ እዚያ ሰፊ ቦታ አለው። ዋናው አጽም አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ እዚህ የሚታየው ቅጂ ነው። እዚህ ለተወለደ ልጅ ይህን ልዩነት ማስረዳት ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው።

የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈልጋል። በ2016 የተከፈተው ይህ ሕንፃ ከመሬት በታች ያለው ክፍል ከላይ እንደሚታየው ሁሉ ግዙፍ ነው፤ ዋናው ታሪክም የሚጀምረው ከታች ነው። ሊፍቱ ወደ ታች ሲወርድ ግድግዳው ላይ ዓመቶች ወደ ኋላ እየቆጠሩ ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን ያደርሷችኋል፤ ከዚያ በባሪያ ንግድ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱና በሲቪል መብት ትግሉ በኩል ቀስ በቀስ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ከላይ ከሙዚቃውና ከስፖርቱ የጀመረ ሰው ታች ሲደርስ ደክሞት ዋናውን በሩጫ ያልፈዋል። በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ የተገደለው የ14 ዓመቱ የኤመት ቲል የሬሳ ሣጥን ያለበት ክፍል ውስጥ ፎቶ አይነሳም፤ ትንንሽ ልጆችን ይዞ መግባቱንም አስቡበት። ከዚያ ሲወጡ ውሃ ከክብ ጣሪያ የሚወርድበት ጸጥ ያለ ክፍል አለ። ሳትቀመጡ አትለፉ።

ሥዕል የሚወድ ሰው ናሽናል ጋለሪን አይዝለል። ያለ ቀጠሮ፣ በነጻ። በአሜሪካ አህጉራት ለሕዝብ የሚታየው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ብቸኛ ሥዕል፣ የጂኔቭራ ዴ ቤንቺ ምስል፣ እዚያ ነው። ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ በመስታወት ሣጥን መሀል ላይ ስለቆመ ጀርባውንም ዞሮ ማየት ይቻላል፣ ጀርባውም ተሥሏል።

መታሰቢያዎቹን ማታ

ምዕራቡን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ጀምሩት። ጁላይና ኦገስት ላይ የዲሲ ሙቀት ከወበቅ ጋር ስለሚመጣ እኩለ ቀን ላይ ያለ ዛፍ ጥላ መሄድ አቅም ይጨርሳል፤ ማታ ደግሞ መብራቱ ነጩን እብነ በረድ ሌላ ነገር ያደርገዋል። ከዋሽንግተን ሐውልት ተነሱ። ሐውልቱን ቀና ብላችሁ ስታዩ ሲሶው አካባቢ ላይ የድንጋዩ ቀለም ይለወጣል፤ ግንባታው በገንዘብ እጦት፣ በኋላም በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት ከሃያ ዓመት በላይ ከቆመ በኋላ ሲቀጥል ድንጋዩ ከሌላ ቦታ ስለመጣ ነው። ከዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ አልፎ፣ ከሊንከን ፊት ያለውን ረጅም የውሃ ገንዳ ተከትሎ ወደ ቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ይኬዳል።

የቬትናሙ ጥቁር ግድግዳ ከ58,000 በላይ ስም አለው። ስሞቹ በፊደል ተራ ሳይሆን በሞቱበት ቀን ተራ ነው የተቀረጹት፤ ከመሀል ጀምረው ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ከግራው ጫፍ ተነስተው ተመልሰው መሀል ላይ ይገጥማሉ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሟች ጎን ለጎን ናቸው።

ሊንከን ጋ ከታችኛው አደባባይ እስከ አዳራሹ 58 ደረጃ አለ። ለአዛውንት ሊፍት አለ፤ በእድሳት ምክንያት ሊዘጋ ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎቱን ድረ ገጽ እዩ። ከሐውልቱ 18 ደረጃ ዝቅ ብሎ ያለው ወለል ላይ ማርቲን ሉተር ኪንግ በኦገስት 28 ቀን 1963 ቆመው የተናገሩበት ቦታ ተቀርጿል። ሰው ሳያየው ይረግጠዋል፤ ዝናብ ሲዘንብ ይበልጥ ጎልቶ ይነበባል።

ከሊንከን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወርዱ የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ አለ፣ ኢትዮጵያዊ ከሆናችሁ ደግሞ እዚህ ላይ ቆም በሉ። 19 የብረት ወታደሮች የዝናብ ልብሳቸውን ለብሰው ቁጥቋጦ መሀል ይጓዛሉ፤ በሚያብረቀርቀው ግድግዳ ላይ ነጸብራቃቸው ሲደመር 38 ይሆናሉ፣ ሁለቱን ኮሪያዎች የከፈለው 38ኛው መስመር። ሰው ሁሉ ዓይኑ ወታደሮቹ ላይ ነው። እናንተ በሰሜን በኩል ባለው መንገድ ሂዱና ዝቅ ብላችሁ ጠርዙን ተመልከቱ፦ በተባበሩት መንግሥታት ስር የተሰለፉትና የሕክምና እርዳታ የላኩት 22 አገሮች ስም ተቀርጿል፤ ኢትዮጵያም አለች። ከ1951 ጀምሮ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ናቸው እዚያ ያስጻፏት። አባቱ ወይም አያቱ ኮሪያ የዘመተ ሰው ዲሲ መጥቶ ይህችን ድንጋይ ሳያይ የሚመለሰው የሚነግረው ስላጣ ብቻ ነው። ማታ ከሆነ የስልክ መብራት ያስፈልጋል።

ከዚያ መንገድ ተሻግሮ 9 ሜትር የሚረዝመው የኪንግ ሐውልት፣ ቀጥሎ የሩዝቬልት፣ መጨረሻ የጄፈርሰን መታሰቢያ ነው። በሙሉው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከጄፈርሰን እስከ ስሚዝሶንያን የባቡር ጣቢያ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጨማሪ። እዚህ ላይ አቅም ያነሰው ሰው ከኪንግ በኋላ ታክሲ ይጥራ።

እነዚህ ሦስት መታሰቢያዎች ያሉበት ኩሬ ዳር በ1912 ከቶኪዮ የተላኩት የቼሪ ዛፎች ያሉበት ነው። አበባው በብዛት የሚፈካው በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ መሀል ነው፤ ግን ቀኑ በየዓመቱ እንደ አየሩ ይለዋወጣል፤ አንድ ጠንካራ ዝናብና ነፋስ በአንድ ሌሊት ያራግፈዋል። ስለዚህ ለአበባው ብሎ ከሩቅ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ቢያንስ አንድ ሳምንት ይያዝ። በዚያ ሰሞን ፀሐይ ስትወጣ የደረሰ ብቻ ነው በሰላም ፎቶ የሚያነሳው።

ሦስተኛ ቀን ካላችሁ

አርሊንግተን መቃብር በሰማያዊው መስመር ይደረሳል። ያልታወቀው ወታደር መቃብር ጋ የጥበቃ ለውጥ ከኤፕሪል 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 በየግማሽ ሰዓቱ፣ በቀረው ጊዜ በየሰዓቱ ነው። ጠባቂው 21 እርምጃ ሄዶ ይቆማል፤ ሥርዓቱ ሲጀመር ተነስቶ ዝም ማለት ግድ ነው። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ መቃብርም በመንገድ ላይ ነው፤ በኖቬምበር 1963 ቀብራቸው ላይ ከተገኙት መሪዎች አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ግቢው ሽቅብ ነው፤ መታወቂያ ያዙ።

ልጅ ያለው ደግሞ ወደ እንስሳት ፓርኩ ይሂድ። በ2024 መጨረሻ ከቻይና የመጡት ባኦ ሊና ቺንግ ባኦ የሚባሉት ፓንዳዎች እዚያ ናቸው። በቀዩ መስመር ከዉድሊ ፓርክ ይልቅ ክሊቭላንድ ፓርክ መውረድ ይሻላል፤ መንገዱ ደልዳላ ነው። ፓርኩ ራሱ ግን ቁልቁል ይወርዳል፤ ታች ድረስ ከወረዳችሁ የሕፃኑን ጋሪ ሽቅብ መግፋት እንዳለ አትርሱ። ፓንዳዎቹ በማለዳ ይነቃቃሉ፤ ቀን ይተኛሉ።

ማታ ወደ ዩ ስትሪት። ዘመዶች እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር እንጀራ ቤት መውሰድ ነው። ትናንት ከቦሌ ለተነሳ ሰው ይህ ምኑ ነው? ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና አካባቢ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ለአሜሪካዊ ጓደኛ ማሳያ ጥሩ ናቸው፤ አሁን አሁን ግን ብዙው ሐበሻ ከከተማዋ ውጭ ወዳሉት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጥቷል። አማርኛ በከተማዋ ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ሕግ መሠረት የመንግሥት ቢሮዎች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እንግዳችሁን ግን የአገሩን ምግብ አቅምሱት፦ ሐፍ ስሞክ የሚባለው የተጨሰ ቋሊማ የዲሲ ነው፤ ከ1958 ጀምሮ በዩ ስትሪት ያለው ቤንስ ቺሊ ቦውል የሚታወቅበት ነው። ማስጠንቀቂያ፦ በተለምዶ የአሳማና የበሬ ሥጋ ድብልቅ ነው። አሳማ የማይበላ ሰው ሳያዝዝ በፊት በሬ ብቻ ያለበት መኖሩን ይጠይቅ።

ሒሳብ ሲመጣ ዝርዝሩ ላይ ካለው ዋጋ 10 በመቶ ግብር ይጨመራል፤ ከ18 እስከ 20 በመቶ ቲፕም ይጠበቃል። አንዳንድ ቤቶች የአገልግሎት ክፍያውን ራሳቸው ደምረው ያመጡታል። ሒሳቡን ሳያነብ ቲፕ የጨመረ ሁለቴ ከፈለ።

አውሮፕላን ለሚወድ አንድ ነገር ይቀራል፦ ከደላስ አየር ማረፊያ አጠገብ ያለው የአየርና የጠፈር ሙዚየም ሁለተኛ ቅርንጫፍ፣ ኡድቫር ሄዚ። ዲስከቨሪ የጠፈር መንኮራኩር፣ ኮንኮርድና ሒሮሺማ ላይ ቦምብ የጣለው ኢኖላ ጌይ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። መግቢያው ነጻ ነው፤ የመኪና ማቆሚያ 15 ዶላር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን አይከፈልም። የሚዘጋው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ስለዚህ በነጻ አቁሞ ለማየት የሚቀረው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የመመለሻ በረራችሁ ጠዋት ከሆነ ለዋዜማው ከሰዓት አድርጉት፤ ሻንጣችሁንም እቤት ወይም መኪና ውስጥ ትታችሁ ሂዱ።